ልፈትነው ያልደፈርኩት መላምት

ቤይሩት ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፍንዳታው ነው። ምን ታየ? ምን ተሰማ? የት ነበርሽ? እኔ ግን ስለ ፍንዳታው ብዙ የምለው የለኝም። የምሠራበት ቤት ከወደቡ ራቅ ያለ ስለነበር ለእኔ አንድ መንቀጥቀጥና አንድ ድምፅ ነው። እኔን ሌላ ሰው ያደረጉኝ ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ስለ እነሱ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ዛሬ ሳልጠየቅ ልናገር።

ዘሐራ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ሐይቅ ከተማ ያደግኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሻለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ እኔም ተከተልኳቸው። ቤይሩት መጀመሪያ የገባሁበትን ቤት አላነሳውም። ሁለተኛው የኡስታዝ ናዲም ቤት ነበር።

ኡስታዝ ናዲም ዕድሜያቸውን ሁሉ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። «ኡስታዝ» ማለት አስተማሪ ማለት ነው፤ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባለው ሰፈር ሰው ሁሉ በዚህ ስም ነበር የሚጠራቸው። ባለቤታቸው ሞታለች፤ አንዲት ልጃቸው ፈረንሳይ ትኖራለች። እግራቸው ደክሞ ስለነበር ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱት ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። እኔ ምግባቸውን እሠራለሁ፣ ቤቱን እይዛለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ሰዓዳም ከእኔ በኋላ መጥታለች። የተቀጠረችበት ቤት ሰዎች ቆልፈውባት ይወጡ ነበርና አንድ ቀን በሩ ክፍት ሲሆንላት ወጥታ ቀረች። ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ናባዓ ውስጥ፣ ድሃው ሁሉ ተጨናንቆ በሚኖርበት ሰፈር፣ ትዕግስት ከምትባል የጎጃም ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ጀማይዜ ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፣ ወለል ታጸዳለች።

ሰዓዳ ቀልድ ስትናገር ሳትጨርሰው በፊት ራሷ ትስቃለች፤ ስለዚህ የቀልዶቿን መጨረሻ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ስልኳ ደግሞ ዘወትር ባትሪ የለውም። «ምነው ቻርጅ ብታደርጊው?» ስላት «አንቺ ነሽ የምትፈልጊኝ፤ አንቺ ነሽ የምታገኚኝ» ትለኛለች።

ያ ዘመን ለሊባኖስም ክፉ ነበር። በመጸው መንገዱ በሰልፈኛ ተሞላ፣ ገንዘቡ ዋጋ አጣ። የብርዱ ወራት ሲያልቅ ኮሮና መጣና ሁሉም ቤቱ ተዘጋበት። እኔና ኡስታዝም ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። አንድ ቀን ስለ በሽታው የሚከራከሩ ሰዎች እያየን ሳለ አንደኛው «ይሄ ገና ነዘሪያ ነው፤ አልተረጋገጠም» አለ። ነዘሪያ በዓረብኛ ንድፈ ሐሳብ ነው፣ ቲዎሪ የምንለው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምን ገባሽና ነው የምትነቀንቂው?» አሉኝ ኡስታዝ።

«እኛም እንደዚህ ነው የተማርነው። መጀመሪያ መላምት ነው። ሲጠነክር ንድፈ ሐሳብ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል። እንደ ደረጃ።»

ኡስታዝ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህን ደረጃ ከተማሪዎቼ ራስ ላይ ለማፍረስ ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት። እዚህ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ተሠርቶ አገኘሁት?» እየሳቁ ነበር። «ኳስ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጪ ምን ይሆናል?»

«ይወጠራል።»

«አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። በምን ያህል እንደሚጨምርም በቀመር ልጽፍልሽ እችላለሁ። ይህ ሕግ ነው። ምን እንደሚሆን ይነግርሻል፤ ለምን ብትዪው ግን ዝም ነው። አሁን ደግሞ ለምን በዪኝ።»

«ለምን?»

«አየር በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ። ሲሞቁ ይፈጥናሉ፣ የኳሱን ግድግዳ አብዝተውና አጥብቀው ይመቱታል። ይህ ማብራሪያ ንድፈ ሐሳብ ነው። ኳሱን ብቻ ሳይሆን ሌላም ብዙ ነገር ያስረዳል፤ ስንትና ስንት ጊዜ ተፈትኖ አልፏል። አድጎ ሕግ አይሆንም። ሥራቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ያስረዳል።»

«መላምትስ?»

«ትናንት መብራት ሲጠፋ ምን አልሽ?»

«የመንግሥት መብራት ሄደ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«በረንዳ ወጥቼ የጎረቤትን አየሁ። እነሱም ጨልሞባቸዋል።»

«በርቶላቸው ብታገኚስ ኖሮ?»

«የእኛው ቆጣሪ ነው የወረደው እል ነበር።»

«አየሽ፤ ብትሳሳቺ መሳሳትሽን ምን እንደሚነግርሽ አስቀድመሽ ታውቂ ነበር። ከዚያም ሄደሽ አየሽው። መላምት እሱ ነው፤ ለመውደቅ የተዘጋጀ ግምት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ እንማር ነበር። ሰዓዳ እሑድ እሑድ ስትመጣ ከጎናችን ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ ቀን «እቴ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ለድስት ማጠቢያ ነው ፊዚክስ የሚያስተምሩሽ?» ብላ ገና ሳትጨርስ ሳቀች። ኡስታዝ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ሳቁ። የመጨረሻዋ እሑድ እንደዚያ ነበረች።

ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ ልብስ አጥፍ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» ብዬ ቀና ስል ድምፁ መጣ። የሳሎኑ መስታወት በሙሉ ወደ ውስጥ ረገፈ። ኡስታዝ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ከግንባራቸው ትንሽ ደም ይወርዳል። «እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?» አሉኝ።

ወደ ደረጃው ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። አንደኛዋ ሴትዮ ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ነው የፈነዳው ትላለች። ከታች ያለው ሰውዬ ከፊት ለፊት ነው ይላል። ሁሉም በየራሱ በር ላይ የፈነዳ ነው የመሰለው። ጥቂት ቆይቶ የአንዱ ስልክ ላይ ምስሉ መጣ። ወደቡ ነው አሉ።

ጀማይዜ ከወደቡ ጋር ጎን ለጎን ነው። ሰዓዳ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ደወልኩላት። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ትዕግስት ናባዓ ስለነበረች አገኘኋት፤ እሷም ስትደውል ነበር።

«ሂጂ» አሉኝ ኡስታዝ። ግንባራቸውን በፎጣ ይዘዋል። «እኔን ጎረቤት ያየኛል። ያላ፣ ሂጂ።»

ታክሲ የለም። በእግሬ ነው የሄድኩት። አሽረፊዬ የሚባለው ኮረብታ ሰፈር ስደርስ ከእግሬ በታች መስታወት እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ቁስለኞች በሞተር ሳይክል፣ በበር ቁራጭ፣ በሰው ጀርባ ላይ ተጭነው ወደ ላይ ይመጣሉ፤ እኔ ብቻዬን ወደ ታች እወርዳለሁ። ከሚመጡት ፊት ሁሉ የእሷን እፈልጋለሁ። ወደ ጀማይዜ በሚያወርዱት ደረጃዎች ጫፍ ላይ ስቆም መንገዱን አላወቅሁትም። ምግብ ቤቱን ያገኘሁት ከጎኑ በነበረው አሮጌ የብረት አጥር ነው። ፊቱ የለም። ወንበሮቹ መንገድ ላይ ናቸው።

የወጥ ቤቱን ኃላፊ አገኘሁት። ራሱን በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልሎ አስፋልት ላይ ተቀምጧል።

«ሰዓዳ የት ናት?» አልኩት።

«ከፍንዳታው በፊት የወደቡን ጭስ ለማየት ወጡ። ሁሉም ወጡ። እኔ ምድጃውን ላጥፋ ብዬ ተመለስኩ።»

«እሷስ?»

«አንዲት ሀበሻ ልጅ መኪና ላይ ሲጭኗት አይቻለሁ። እጇን ታንቀሳቅስ ነበር።»

«ሰዓዳ ነበረች?»

«አቧራ ነበር» አለኝ። «ሁላችንም አንድ ዓይነት ነበርን።»

እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇን ታንቀሳቅስ ነበር። ይህን ይዤ ተመለስኩ። ሰዓዳ በሕይወት አለች፤ ተጎድታ ሐኪም ቤት ገብታለች፤ ስልኳ ደግሞ እንደ ወትሮው ባትሪ የለውም። እናቴ ስትደውል የነገርኳትም ይህንኑ ነው። «እየፈለግናት ነው እማዬ፣ ሐኪም ቤት ናት» አልኳት።

በማግስቱ ከትዕግስት ጋር ወጣን። በየሐኪም ቤቱ ደጅ የስም ዝርዝር ተለጥፏል፤ ሰው ተደራርቦ ያነባል። ስሟ የለም። «ፓስፖርት ስለሌላት በሌላ ስም ጽፈዋት ይሆናል» አልኩ። ሌላ ቦታ ስሟ የማይታወቅ ኢትዮጵያዊት አለች ተባልን፤ ሄደን አየናት፣ ትልቅ ሴት ናት። «እንግዲያው ጸጥ ያለ ቦታ ወስደዋታል ማለት ነው፤ የከተማው ሐኪም ቤቶች ሞልተዋል» አልኩ። የምንሰማው ነገር ሁሉ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ መጨረሻው ሰዓዳ በሕይወት አለች የሚል ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። አንድም ወሬ ሐሳቤን አላስለወጠኝም።

በየሐኪም ቤቱ ሁለት ሰልፍ ነበር። አንደኛው የቁስለኛ ነው። ሁለተኛው ከጀርባ በኩል ባለ በር ላይ ነው፤ እዚያ የሚቆሙት ሰዎች አይገፋፉም፣ አይነጋገሩም። አንዲት ነርስ «እዚያም ጠይቁ» አለችን፤ በአገጯ አመለከተችን። ትዕግስት አየችኝ። እጇን ይዤ ወጣሁ።

«ዘሐራ፣ አንዴ ብቻ ጠይቀን ብንሄድስ?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«እጇን ታንቀሳቅስ ነበር ተባልኩኮ» አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

በሚቀጥለው ቀን አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ደወለልን። ከቤይሩት በላይ ተራራው ላይ ያለ ሐኪም ቤት ውስጥ ከጀማይዜ የመጣች፣ ፊቷ የታሰረ፣ መናገር የማትችል ኢትዮጵያዊት አለች አለን። ቁመቷን ጠየቅኩት፤ እንደ ሰዓዳ ነው። ዕድሜዋንም ነገረኝ፤ እንደ ሰዓዳ ነው። መኪና ለምነን ወጣን። መንገዱን ሁሉ ትዕግስት ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ። «‹ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ አላልኩሽም?› ብዬ ነው የምጀምርላት» እላለሁ።

አንሶላ ለብሳ ተኝታለች። ፊቷ ከአንድ ዓይኗ በቀር ተጠቅልሏል። በሩ ላይ ቆምኩ። ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፣ እጇንም ዘረጋችልኝ። ሄጄ ያዝኩት። በያዝኩት ጊዜ አወቅሁ። የእህቴን እጅ በጨለማም አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው ውኃ የቀዳነው። ይህ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ልጅቷ ግን አልለቀቀችኝም። ከፊቷ ጨርቅ ሥር ድምፅ ለማውጣት ሞከረች። ስሟንና አገሯን ወረቀት ላይ አስጽፈዋት ነበርና ነርሷ ነገረችን፤ የጅማ ልጅ ናት። ከሰዓዳ ምግብ ቤት አጠገብ ባለ ሕንፃ ደረጃ ታጸዳ ነበር። በመኪና ጭነው ያመጧት ሰዎች እጇን ስታንቀሳቅስ ነው ያዩዋት።

ያ የሰማሁት ነገር እውነት ነበር። የሰዓዳ ግን አልነበረም።

ከልጅቷ ጋር ብዙ ተቀመጥኩ። ለማን ነው የመጣሁት? ለእህቴ። እሷ ግን ለእሷ የመጣሁ ነው የመሰላት፤ እጄን አጥብቃ ይዛለች። ትዕግስት «አለንልሽ፣ አይዞሽ» አለቻት።

ቤት ስመለስ ኡስታዝ በፕላስቲክ በተሸፈነው መስኮት ሥር ተቀምጠው ስልክ ይደውሉ ነበር። ስንቱን ሐኪም ቤት ሲጠይቁ እንደዋሉ አላውቅም። ስልኩን ሲዘጉ ነገርኳቸው። ነግሬያቸው ሳልጨርስ ደግሞ አዲስ ነገር ጀመርኩ። «ምናልባት ራሷን ተመትታ ማን እንደሆነች ረስታ ይሆናል። ወይ አንድ ደግ ሰው ቤቱ ወስዷት ይሆናል። ወረቀት ስለሌላት ፈርታ ተደብቃም ይሆናል።»

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ዘሐራ፣ ምን ብታዪ ነው ተሳስቻለሁ የምትዪው?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ስሟ ቢኖር በሕይወት አለች ትያለሽ። ባይኖርም በሕይወት አለች ትያለሽ። ልጅቷ እሷ ባትሆንም አለች ትያለሽ። መብራት ሲጠፋ ወደ በረንዳ እንደወጣሽ፣ አሁንስ ወዴት ብትወጪ ነው እውነቱን የምታዪው?»

ደሜ ፈላ። «ይሄ የምሳ ሰዓት ትምህርት አይደለም ኡስታዝ» አልኳቸው። «እህቴ ናት። የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም።»

«አዎ» አሉ። «ተማሪዬ ብትሆኚ አልጠይቅሽም ነበር።»

ፕላስቲኩን ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ አብሬያቸው ስኖር አንድም ቀን ያላነሱትን ነገር ነገሩኝ።

«ወንድም ነበረኝ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ኬላ ላይ አስቁመው ወሰዱት። እናቴ እስር ቤት ነው አለች። እስረኞች ሲፈቱ አልመጣም፤ ሌላ አገር ወስደውታል አለች። ጦርነቱ አለቀ፤ ያፍራል፣ ተለውጧል፣ ለዚያ ነው የማይመጣው አለች። እስክትሞት ድረስ በሩን ሳትቆልፍ ነው የተኛችው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ የምታደርገውን አውቅ ነበር። አንድ ቀንም ያንን ጥያቄ አልጠየቅኋትም፤ የት ሄደን እንደምናይ እኔም አላውቅም ነበርና። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ተነሽ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

መብራት አልነበረም፤ አሳንሰሩ ቆሟል። ኡስታዝ ናዲም አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እጃቸው ምርኩዝ ላይ ሆኖ አራቱን ፎቅ ወረዱ። በየፎቁ ቆመን ይተነፍሳሉ፤ «ያላ» ይላሉ፤ እንደገና እንወርዳለን። እኔ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ባይወርዱ ብዬ እመኝ ነበር። ደክሞኛል ቢሉ፣ ነገ ይሁን ቢሉ፣ እሺ እል ነበር። አላሉም።

በታክሲ ነርሷ ያመለከተችን ሐኪም ቤት ሄደን ከጀርባ ያለው በር ላይ ቆምን። ትዕግስትም መጣች፤ ወታደር ባለበት ቦታ የማትቀርብ ልጅ ወረቀት ሳይኖራት መጥታ ከጎናችን ቆመች። ኡስታዝ በሩ ላይ ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩ። ሰውዬው ደክሞታል፣ ግን ክፉ አልነበረም። «አንድ ሰው ብቻ ይግባ» አለ። ኡስታዝ እጄን ጨበጡና ለቀቁኝ።

ያየሁትን ሁሉ አልናገርም። ሦስተኛዋ እሷ ነበረች። ፊቷ ምንም አልሆነም። ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ አቧራ አለ። እጇን ያዝኩት። የዚያችን ልጅ እጅ ስይዝ እሷ አለመሆኗን ያወቅሁትን ያህል፣ ይህን ስይዝ እሷ መሆኗን አወቅሁ።

«ታውቂያታለሽ?» አለኝ ሰውዬው።

«እህቴ ናት» አልኩ። «ሰዓዳ ትባላለች።»

እስከዚያ ድረስ ስም አልነበራትም። ሰውዬው ሲጽፍ አየሁት። ደጅ ስወጣ ኡስታዝ ከፊቴ አነበቡት። እዚያው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ አሮጌ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔና ሌሎች ሁለት የወሎ ሴቶች ሆነን አጠብናት። አቧራው ከፀጉሯ ውስጥ አልወጣ ብሎ ደጋግመን ውኃ አፈሰስን። ወደ አገር ቤት ልንወስዳት አልቻልንም፤ እዚያው ከከተማው ዳር ቀበርናት። ኢማሙ አጭር ዱዓ አደረገ። ትዕግስት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ ጠራኋትና አጠገቤ አቆምኳት።

ከቀብር ተመልሰን ኡስታዝ ፊት ተቀመጥኩ። «ለምን?» አልኳቸው።

«የፍንዳታው ማዕበል እንዴት እንደሚሄድ፣ ግድግዳውን እንዴት እንደሚገፋ ሕጉን አውቃለሁ» አሉ። «ለምን እንደዚያ እንደሚሆንም ላስረዳሽ እችላለሁ። አንቺ የምትጠይቂው ግን እሱን አይደለም። ለምን ሰዓዳ ነው የምትዪው። ለእሱ ምንም የለኝም፣ ያ ቢንቲ። አለኝ ብዬ አልዋሽሽም።»

ያን ጊዜ ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ለእናቴ መንገር ቀረ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው። አጎቴ ማለዳ ሰዎች ይዞ ቤቷ እንዲሄድ አደረግኩ። ነግረዋት ከጨረሱ በኋላ ስልኩን ሰጣት። ጩኸት ጠብቄ ነበር። ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር።

«ዘሐራ፣ ሰዎቹ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማዬ።»

«ሰው ነው የነገረሽ?»

«አይደለም።»

«በዓይንሽ አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ልትመስልሽ ትችላለች። የሰው ልጅ ይመሳሰላል።»

«እጇን ይዣለሁ እማዬ። እኔ ነኝ ያጠብኳት። ፀጉሯን እኔ ነኝ የፈታሁት።»

የሴቶች ድምፅ ከኋላዋ ይሰማኛል። «እንግዲያው ለቅሶ ልቀመጥ» አለች። ስልኩን ለአጎቴ ስትመልስለት ሰማሁ፤ ከዚያ ነው ለቅሶው የጀመረው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ኡስታዝን ልጃቸው መጥታ ስትወስዳቸው እኔም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቤይሩት እንደነበርኩ ስለተሰማ እናቶች እየፈለጉ ይመጡብኛል። ልጃቸው መደወል ያቆመች እናቶች ናቸው። አንዷ «ስልኳን ቀምተዋት ይሆናል» ትለኛለች። ሌላዋ «አግብታ ተቀይማን ይሆናል» ትለኛለች። አንገታቸውን አዘንብለው አዎ እንድላቸው ይጠብቃሉ። ድሮ ቢሆን አዎ እል ነበር፤ ሰው ማጽናናት መስሎኝ። አሁን አልልም። ስሟን፣ የነበረችበትን ሰፈር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያያትን ሰው እጠይቃለሁ፤ እዚያ ላሉ ሴቶች እደውላለሁ። አንዳንዷ ትገኛለች፤ ያን ቀን የእናቷን ፊት ማየት ነው። አንዳንዷ እንደ ሰዓዳ ትገኛለች። የማትገኝም አለች፤ ለእሷ እናት የምላት የለኝም፣ አለኝም አልላትም።

ኡስታዝ ያን ቀን ጨካኝ ነበሩ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ትዕግስት እንኳ ስትደውልልኝ አንዳንዴ «ትንሽ ቢታገሱሽ ምን ነበር?» ትላለች። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። ግን በሕይወት አለች የሚለውን ሐሳቤን ለማዳን ብዬ እህቴን ያለ ስም፣ ያለ ዘመድ፣ በዚያ በር ጀርባ ትቻት ነበር። ተስፋ ነው ያልኩት ነገር ወደ እሷ እንዳልሄድ የከለከለኝ ነገር ነበር። ሄዶ ማየት የሚያስፈራው ማንኛውም ሰው ይህን ቢያውቅልኝ እወዳለሁ፤ የምታዩት ነገር እናንተ ስላያችሁት አይደለም የሆነው። ቀድሞም ሆኗል። እናንተ የምትመርጡት አጠገቡ መቆምና አለመቆምን ብቻ ነው።

እናቴ እስከ ዛሬ ሰዓዳ ስትነሳ ታለቅሳለች። አንዳንድ ቀን ምግብ አይወርድላትም። ስልክ ሲጮህ ግን አትደነግጥም፤ በሩ ሲንኳኳም ቀድማ አትነሳም። እናቴ ታለቅሳለች እንጂ አትጠብቅም።